መጠቅለያው ዞሯል?

ፎቶ አንሺውን ሰፈሩ በሙሉ «ቀና በሉ» እያለ ነበር የሚጠራው። እውነተኛ ስሙን የሚያውቅለት ሰው ጥቂት ነው። ፎቶ ቤቱ የገባ ሁሉ፣ ሙሽራም ይሁን ሹም፣ ከካሜራው ጀርባ የምትመጣዋን «ቀና በሉ!» ሳይሰማ አይወጣም። ዕድሜ ልኩን የሠራው በአንድ ካሜራ ነው፤ ፍጥነቱም፣ ብርሃኑም፣ ጥራቱም በእጅ የሚስተካከል፣ ጥቁር ቀለሙ ከጠርዝ ከጠርዙ ተልጦ ናሱ የወጣ ከባድ ብረት። ያን ሁሉ ሰው ያነሳ ሰውዬ ታዲያ የገዛ ሚስቱ ፎቶ አልነበረውም። ሴትየዋ ካሜራ ባየች ቁጥር ፊቷን በመዳፏ ትሸፍናለች። «የሰው ፊት ስታይ ትውላለህ፤ የእኔን ቤት ስትገባ እየው፣ በነጻ ነው» ትለዋለች።

እንዲህ ያለችው ሴት ናት እንግዲህ፣ ሐኪሞቹ «ቤቷ ትረፍ» ብለው ከሸኟት በኋላ፣ አንድ ቀን ጠዋት አልጋዋ ላይ ሆና «አንተ፣ እስቲ ያንን ብረትህን አምጣው» ያለችው። መልኳ ጨርሶ ሳይከዳት ለልጇ አንድ ፎቶ ልትተውላት ፈለገች። ከዚያ በላይ በዚያ ቤት የሚፈለግ ነገር አልነበረም።

ችግሩ የባልየው እጅ ነበር። መንቀጥቀጥ ከጀመረ ከርሟል። ክርኑን ጎኑ ላይ ከተከለ ካሜራውን አርግቶ ማንሳት አላቃተውም፤ ቀጭኑን የፊልም ጫፍ ከስንጥቁ ማስገባት ግን ከእሱ አልፏል። ስለዚህ ፊልሙን ልጁ ትሙላው ተባለ።

ልጅቷ ፎቶ ቤት ውስጥ ፊልም ታጥባለች፣ ታትማለች፤ ካሜራውን ግን ነክታ አታውቅም። አባትየው አይጨክንባትም ነበር፤ እናትየው ናት አላስነካ ያለቻት። «እጀ ሰባራ» ነው የምትላት። ከልጅነቷ ጀምሮ ብርጭቆ ከእጇ አይበረክትም፣ ሳህንም አይከርምም። ይቺ ቃል ልጅቷን እስከ ጉልምስናዋ ተከትላታለች። የእናቷን አፍ አውቃ ትስቃለች እንጂ በሆዷ ምን ያህል እንደምትከፋ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

«የፊልሙን ምላስ ከስንጥቁ አግቢው» አላት አባቷ፣ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው። «ጥርሶቹ የፊልሙን ቀዳዳዎች ይንከሱ። ጎሽ። አሁን ጀርባውን ዝጊ። የፊልም ማሳለፊያውን በአውራ ጣትሽ ሳቢና በግራ በኩል ያለውን የፊልም መጠቅለያ ቁልፍ እዪው። እሱ ከዞረ ፊልሙ ይዟል። ካልዞረ ግን ስንጥቋን ለቋት ወጥቷል ማለት ነው፤ ስትተኩሺ ብትውዪ ባዶ ነው።»

«የቆጣሪው ቁጥር ይነግረኝ የለ?»

«ቁጥሩን አትመኚው! ፊልም ኖረም አልኖረም መቁጠሩን አይተውም። እንደ አንዳንድ ሰው ነው።»

ጀርባውን ዘጋችና ማሳለፊያውን ሳበች። ልክ በዚያች ቅጽበት ከውስጥ ክፍል እናትየው ትን አላት። ልጅቷ ካሜራውን አባቷ ጭን ላይ ጥላ ሮጠች።

«መጠቅለያው ዞሯል?» አለ ከኋላዋ።

«ዞሯል፣ አባዬ!» አለች። አላየችውም ነበር።

እናትየውን በትራስ ደጋግፈው መስኮቱ አጠገብ አስቀመጧት። ፀሐዩ ለስለስ ያለ ነበር። አባትየው ክርኑን ጎኑ ላይ ተክሎ የመጀመሪያውን አነሳ፤ የካሜራው የውስጥ መስታወት ቀጭ ብሎ ተነስቶ ወረደ።

«ፊልሙን ማን እንደሞላው ታውቂያለሽ?» አላት። «ልጅሽ ናት። ብቻዋን።»

እናትየው ዞር ብላ ልጇን አየቻት፤ ከዚያ እጆቿን አየች፣ ረጅም ጊዜ። «እጅሽ ይባረክ፣ የእኔ ልጅ» አለቻት።

መቼም አንድ ቃል ይህን ያህል ዘመን ይጠበቃል ብሎ የሚያስብ የለም። አባትየው በዚህ መሐል ማሳለፊያውን ስቦ ቀጥ አለ። ዓይኑ ወደ ካሜራው ግራ ጎን ሄዶ ተመለሰ። ልጅቷ እጁ ያስቸገረው መሰላት። ወዲያው ግን «ቀና በሉ፣ እመቤቴ!» ብሎ ቀጠለ።

እናትየው ያን ቀን አፏ ተፈታ። መጀመሪያ ፎቶ ቤቱ የመጣች ጊዜ ባሏ ተደናግጦ የሌንሱን ክዳን ሳያነሳ እንዳነሳት አወራች። በሳቅ ፍርስ ስትል አንዱ ጉንጯ ሥርጉድ ይል ነበር። እሱም ያነሳል፣ ይስባል፣ እንደገና ያነሳል፤ ቁጥሩ ሠላሳ ስድስት እስኪሞላ ድረስ። ከዚያ መጠቅለያውን ራሱ አዙሮ፣ ፊልሙን አውጥቶ ኪሱ ከተተው። «ቆይ፣ ትንሽ ትሻል፣ ያኔ ይታጠባል» አለ።

አልተሻላትም። በሳምንቱ አረፈች።

ከቀብር መልስ የእናትየው እህት ለቤቱ ግድግዳ የሚሆን ፎቶ በአስቸኳይ ይታተም አለች። ልጅቷም ፊልሙን ከአባቷ ኮት ኪስ አውጥታ ጨለማ ክፍል ገባች። አጥባ መብራቱን ስታበራ ክው አለች። ፊልሙ እንደ ውሃ የጠራ ነው። ጠርዙ ላይ የፋብሪካው ቁጥሮች ተደርድረዋል፤ ስለዚህ የማጠቢያው መድኃኒት ሠርቷል። ብርሃን የነካው ጫፉን ብቻ ነው። የቀረው ከጥቅሉ ወጥቶ አያውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ለቀስተኛው ፊት አክስቷ «ታዲያ የታል?» ስትል ልጅቷ አፏን ከፈተች። አባትየው ቀደማት።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሳልጠቀልለው ጀርባውን በብርሃን ከፈትኩት። ተቃጠለ።»

«የአገሩን ሰርግ ሁሉ አንስተህ ለሚስትህ ሲሆን!» አለች አክስትየዋ። «ላም አለኝ በሰማይ አደረግከን! እንዲህ ከሆንክ ፎቶ ቤቱን ዝጋው!» ለቀስተኛው አንገቱን ደፋ። ያ ሁሉ ዘመን የተሠራ ስም በአንድ ከሰዓት ወደቀ። ልጅቷ እውነቱን መናገር ነበረባት፤ ግን የለቀስተኛውን ስኒ ሰብስባ ወጥ ቤት ገባች።

ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ነው ሳሎን ገብታ ከጎኑ የተቀመጠችው።

«አላየሁትም ነበር፣ አባዬ። ዞሯል ያልኩህ ውሸቴን ነው።»

«አውቃለሁ።»

«መቼ አወቅክ?»

«ሁለተኛው ላይ። ፊልም የያዘ ማሳለፊያ ይከብዳል፤ ይሄ ቀለለኝ፤ መጠቅለያውን ባየው ቆሟል።»

«ታዲያ ለምን ከፍተህ አላስተካከልከውም? እዚያው ነበርኩኮ! እዚያው ነበረችኮ!»

«እጅሽ ይባረክ ያለችበት አፏ ሳይደርቅ?» አለ። «ካሜራውን ከፍቼ ‹የለም፣ ያው እጀ ሰባራ ናት› ልበላት? ነገ አነሳታለሁ ብዬ ነበር። በማግስቱ መቀመጥ አቃታት።» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ልጅቷ አባቷ ሲያለቅስ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

እንባውን ጠርጎ «የትኛው ጉንጯ ነበር ሥርጉድ የሚለው?» አላት።

«ቀኙ።»

«ግራው ይመስለኛል።»

ልጅቷ እንደገና አሰበችው። ግራው ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ አልነበረችም፤ እሱም አልነበረም። ገና አፈሯ ሳይደርቅ።

አባትየው ተነስቶ ካሜራውንና አዲስ ፊልም አመጣላት። «ሙዪውና እኔን አንሺኝ» አለ። እናትየው የተቀመጠችበት ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

ምላሱን ከስንጥቁ አስገባች፣ ጥርሶቹን አስነከሰች፣ ጀርባውን ዘጋች፣ ሳበች።

«ዞሯል?»

ዓይኗን ሳትነቅል አየችው። «ዞሯል።»

በካሜራው ዓይን ስታይ መሐል ላይ ያለችው ክብ የአባቷን ፊት ለሁለት ከፍላዋለች። ፎቶው እንዲጠራ ሁለቱ ግማሾች እስኪገጥሙ ሌንሱን ማዞር ነበረባት፤ እንባዋ እየጋረዳት ደጋግማ ሳተቻቸው። በመጨረሻ ገጠሙ።

«ቀና በል፣ አባዬ» አለችው።

ቀና አላለም። እንዳቀረቀረ አነሳችው። ለቀጣዩ ስትስብ ማሳለፊያው ከበዳት።