ቢ፣ ኤ፣ ቲ፣ ኤች

መምህሩ ምላሳቸው ከታሰረ አራተኛ ሳምንታቸውን ይዘዋል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማሩ፣ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ብቻ ክፍሉን ጸጥ የሚያሰኙ ሰው ነበሩ። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግን ቀኝ እጅና እግራቸው የሰው ዕቃ ይመስል አልታዘዝ አለ፤ ከአፋቸውም "እ... እ..." ከማለት በቀር የሚወጣ ነገር ጠፋ። አዎና አይደለም እንኳ ተደበላልቆባቸዋል። "ራበዎት?" ሲሏቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ "ጠገቡ?" ሲሏቸውም ያው ነው።

የምታስታምማቸው ልጃቸው ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን ከሱቋ አስመጥታ አልጋቸው አጠገብ ተክላለች። ቀሚስ እያጠበበች፣ ሱሪ እያሳጠረች በአንድ ዓይኗ እሳቸውን ትጠብቃለች። እንግሊዝኛ ላይ እሷ እንደ አባቷ አልሆነችም። በደህናው ጊዜ፣ "አገር ምድሩን አስተምሬ ቤቴን ማስተማር አቃተኝ" እያሉ ይስቁባት ነበር።

ከሆስፒታል ሲወጡ የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ አንድ ካርቶን ሰጥታታለች። ሃያ ስድስቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ በየረድፉ ስድስት ስድስት ሆነው በጉልህ ተጽፈውበታል። "የእኛው ፊደል ብዛቱ ያደክማቸዋል" አለቻት። "ይሄኛው ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን የኖሩበት ነው። በግራ እጃቸው ይጠቁሙሽ፤ የጠቆሙትን ጻፊ።"

ሁለት ሳምንት ሙሉ ካርቶኑን ዞር ብለው አላዩትም። አንድ ሰኞ ጠዋት ግን ግራ ጣታቸውን አነሱና ቢ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ጣታቸው የጠፋበትን እንደሚፈልግ ሰው ተንከራተተ፤ ካርቶኑ ላይ ወዲያ ወዲህ ብሎ ኤ ላይ አረፈ። ቀጥሎ ቲ። ቀጥሎ ኤች።

ልጅቷ መቀሱን ጥላ እልል ማለት ቀራት። ይሄንንስ ቃል እሷም ታውቀዋለች!

"ባዝ! ገላዎን መታጠብ አማረዎት አባዬ?"

ነቀነቁ።

ውሃ አሞቀች። ንፋስ እንዳይመታቸው መስኮቱን ዘጋች፣ በሩን ዘጋች፣ በእንፋሎት በታፈነው ክፍል ውስጥ እንደ ሕፃን አገላብጣ አጠበቻቸው። እንባቸው በጉንጫቸው ሲወርድ አየች። ደስ ብሏቸው ነው አለች በልቧ።

ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ቢ፣ ኤ፣ ቲ፣ ኤች። "ትናንት አልታጠቡም እንዴ?" ብላ ሳቀችና አጠበቻቸው። ረቡዕ ውሃው ገና ሰውነታቸውን ሲነካቸው ስፖንጁን ከእጇ መንጭቀው ወረወሩት። አድርቃ አስተኛቻቸው። ካርቶኑን ስታመጣላቸው ያችኑ አራት ፊደል ጠቆሙ፤ ደግመው ጠቆሙ፤ በመጨረሻ ካርቶኑን በቡጢ መቱት።

ነገሩ ገላ መታጠብ እንዳልሆነ ያኔ ገባት። ታዲያ ምንድነው?

ምናልባት ጣታቸው የዘለለው ፊደል ይኖራል ብላ የአባቷን መዝገበ ቃላት አወረደች። መዝገበ ቃላት ግን የሚፈታው በመጀመሪያው ፊደል ነው፤ ቃል ሆድ ውስጥ የተሸሸጉ አራት ፊደሎችን ማን ያወጣል? ሐሙስን ሙሉ መኪናዋን አቁማ ገጽ በገጽ በጣቷ እየተከተለች ዋለች። ዓይኗ ደም መሰለ። የሰው ልብስ ተከመረ።

ዓርብ ከሰዓት ታናሽ ወንድሟ መጣ። የታክሲ ሹፌር ነው።

"የቸገረው እርጉዝ ያገባል አሉ! ይሄን ሁሉ ገጽ ልታነቢው ነው?" ብሎ ስልኩን አወጣ። አራቱን ፊደላት ቢያስገባበት ስልኩ በመቶ የሚቆጠር ቃል ዘረገፈ። እየጮኸ ያነብላቸው ጀመር፤ ፍቺውንም እዚያው እያየ።

"ሃቢት፤ ልማድ ማለት ነው። እሱ ነው አባዬ?"

ነቀነቁ።

"በርዝደይ? ልደትዎ?"

ነቀነቁ።

"አልፋቤት! ፊደል!"

አሁንም ነቀነቁ። ሹፌሩ ሳቀ። "እትዬ፣ ተያቸው። የተማሪ አምሮት ይዟቸው ነው፤ ኤ ቢ ሲ ሊያስቆጥሩሽ ነው።"

"አትሳቅ! አንጀቴን አታሳርረው። የሆነ ነገር እየለመኑኝ ነው።"

"ለሁሉም እሺ ካሉ ምን ልናደርግ እንችላለን?"

ሃያ ያህል ቃል አንብቦ ስልኩን ኪሱ ከተተ። የፈለጉት ቃል እዚያው ዝርዝር ውስጥ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር።

ቅዳሜ መምህሩ ፊታቸው አመድ መሰለ። ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። እሷ ግን ብስጭት ነው፣ አለመሰማት ነው ብላ "አይዞዎት አባዬ" ትላለች። ምሳ አቀረበችላቸው። በግራ እጃቸው ጥቂት ጥቂት በሉና ማንኪያውን አስቀመጡ። እንደ ሁልጊዜው ግማሹ ቀርቷል። ልታነሳው ስትል ሳህኑ እጇ ላይ ዞረ፤ የተረፈው ወደ ግራቸው መጣ። መምህሩ ገና አሁን የቀረበላቸው ይመስል ማንኪያውን አነሱና መብላት ጀመሩ።

ልጅቷ ክው አለች። ምግቡ የቀረው ስለጠገቡ አልነበረም፤ በስተቀኝ ያለውን ስለማያዩት ነው።

የጠቆሙትን የምትጽፍበትን ደብተር ስባ አየች። ስድስት ቀን ሙሉ የጠቆሙት ፊደል ሁሉ ከካርቶኑ ግራ በኩል ነው። ከቀኙ አንድም የለ። ካርቶኑን አንስታ በግራቸው በኩል፣ ትከሻቸው ዘንድ ያዘችላቸው።

"አሁን ይበሉ። አሁን ይታየዎታል።"

ጣታቸው ቢ ላይ አረፈ። ከዚያ ነክተውት ወደማያውቁት አር ሮጠ። ኢ። ኤ። ቲ። ኤች።

ቃሉን አላወቀችውም። መዝገበ ቃላቱን ገለጠች፤ ሁለት ገጽ እንደ ክፉ ነገር ተጣብቆ አስቸገራት። አገኘችው። ትንፋሽ።

ቀና ብላ ደረታቸውን አየች። እሳቸውም ግራ እጃቸውን አንስተው ደረታቸው ላይ አደረጉ።

"ወይኔ አባቴ! ወይኔ ጉዴ!"

ስትደውልለት ወንድሟ በሰባት ደቂቃ ደረሰ። አቅፎ አወረዳቸው፤ መብራት ሳይል መንገድ ሳይል ነዳ። እሷ ከኋላ ወንበር ራሳቸውን ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ መስኮቱን እስከ መጨረሻው አውርዳ "ይተንፍሱ፣ ይተንፍሱ አባዬ" እያለች ትለምናለች።

ሐኪሙ ወጣት ነው። በማይንቀሳቀሰው እግራቸው ውስጥ ደም ረግቶ ወደ ሳንባቸው መሄዱን ለሁለቱ ልጆች ነገራቸው።

"መቼ ነው የጀመራቸው?"

"ሰኞ" አለች።

"ከሰኞ እስከ ቅዳሜ! ምን ስትሠሩ ነበር?"

ስለ ካርቶኑ ልትነግረው አፏን ከፈተች። የቱን አስቀድማ የቱን ታስከትል?

"ሳጥባቸው" አለች።

ሐኪሙ ትክ ብሎ አያትና ወደ ውስጥ ገባ።

አራት ቀን ከሞት ጋር ተጎተቱ። በአምስተኛው ቀን ሐኪሙ ክፉው ማለፉን፣ ሳንባቸው ግን ዳግመኛ እንደ ድሮው እንደማይሆን፣ ከእንግዲህ ኦክስጅን ከአጠገባቸው እንደማይጠፋ ለልጆቹ ነገራቸው።

ወንድሟ ኮሪደሩ ላይ ከጎኗ ተቀመጠ። አምስት ቀን ልብስ አልቀየረችም፤ የልኬት ሜትሯ ዛሬም አንገቷ ላይ ነው።

"በቃ፣ ተርፈዋል እኮ" አላት። "አንቺ ባትኖሪ ይሄን ማን ያገኘው ነበር?"

"እኔ ባልኖር" አለች ወለሉን እያየች፣ "እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ያስታምማቸው ነበር። ሰኞ ዕለት ይገባው ነበር።"

ተነሥቶ መኪናውን ከበሩ ሊያስነሳ ወረደ፤ ጥበቃው ሲጮህበት ነበርና።