ፈንገስ ያልሆነው ሻጋታ

በምርምር ተቋሙ የደረቁ ፈንገሶችን ስብስብ የምትጠብቀው ሴት፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት መሳቢያ ስትሸሽ ከረመች። የቀረው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዟል። ዘራቸውን በጥቃቅን ከረጢት የሚቋጥሩት የእርሾ ወገኖች ከላይ፤ ዘራቸውን በዱላ መሰል ጫፍ ላይ የሚሸከሙት እንጉዳዮች መሃል፤ የዳቦ ሻጋታ ከነዘመዶቹ ከሥር። የመጨረሻዋ መሳቢያ ግን የድንች ቅጠል የሚያጠቁረውን ሻጋታ ይዛለች። የዲኤንኤ ምርመራው ደግሞ ቁርጡን ተናግሯል፤ ይህ ነገር ፈንገስ አይደለም፣ ዘመዱ የውሃ አልጌ ነው። ከመደርደሪያው መውጣት አለበት።

ችግሩ፣ መሳቢያዋ የመምህሯ የዕድሜ ልክ ሥራ ናት። ተማሪዎቻቸው “አባ ሻጋታ” የሚሏቸው ሽማግሌ አርባ ዓመት ማሳ ለማሳ ዞረው የሰበሰቡት ነው። ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብላ ቅዳሜ ጠዋት ቤታቸው ሄደች።

በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ስለ ጉልበታቸው ጠየቀች፣ ስለ ዝናቡ አወራች።

“ልጄ፣ አንቺ ዝናብ ልታወሪኝ አልመጣሽም። የሆድሽን አውጪው።”

አወጣችው። የሽማግሌው ሳቅ ገነፈለ። “አርባ ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ልጅ ሳሳድግ ኖሬያለኋ!”

እሷም ሳቀች፤ ዐይናቸውን ስታይ ግን ሳቋ ቆመ።

“እኔ እኮ አውቅ ነበር” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ገና ጀማሪ ሳለሁ የህዋሱን ግድግዳ ቀለም ውስጥ ነክሬ አየሁት። ፈንገስ በዚያ ቀለም ሰማያዊ አይሆንም፤ ይሄ ግን እንደ ተክል ግድግዳ ሰማያዊ ሆነ። ለአለቃዬ ባሳየው ‘የናሙና መስታወትህን እጠብ’ ብሎ ሳቀብኝ። አጥቤ ደገምኩት፤ ያው ሰማያዊ። ከዚያ አፌን ያዝኩ።”

“ለምን ጋሼ?”

“አዲስ ቅጥር ነበርኩ። ዛሬ ነገ ስል ስሜ በፈንገሱ ገነነ። ከገነነ በኋላ ደግሞ ማን የራሱን ቤት ያፈርሳል?”

ደሟ ፈላ። ተማሪ ሳለች፣ ያየችውን ሳትጽፍ በመቅረቷ ፈተና ላይ የጣሏት እሳቸው ነበሩ።

“ጋሼ፣ እኔን በዚሁ ጥፋት ጥለውኛል እኮ!”

“ለዚያ ነው የጣልኩሽ፤ እኔን እንዳትሆኚ።”

ብድግ አለች። ተሰናብታቸው ስትወጣም ቁጣዋ ሙሉ በሙሉ አልበረደም።

ሰኞ፣ ሳትጠራቸው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ተቋሙ መጡ። መሳቢያዋን እሷ ተሸክማ፣ እሳቸው በር እየከፈቱላት፣ ኮሪደሩን ተሻግረው የአልጌዎቹ ክፍል አደረሷት። ከዚያ ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡና አዲሱን መለያ ወረቀት ያስጽፏት ጀመር። ወገኑን፣ የተገኘበትን ማሳ፣ ዓመቱን። በመጨረሻም፦

“‘ሰማያዊነቱን በመጀመሪያው ዓመቴ አይቼ ነበር። አልጻፍኩትም።’”

ብዕሯን ከወረቀቱ አነሳች። “ይሄ እንኳ ይቅር ጋሼ፤ ማን ጠየቀዎት?”

“ጻፊው። እጄ ባይንቀጠቀጥ እኔው እጽፈው ነበር።”

ጻፈችው። ከሥሩ ፈረሙ። ፊርማው ተንጋደደና መስመሩን አለፈ፤ ሌላ ንጹሕ ወረቀት ብታቀርብላቸው በእጃቸው ገፉት።