«ደርሷል» የሚለው ስልክ

ሰጠኝ ሰውን ቶሎ የሚያምን ዓይነት አልነበረም። ደባርቅ ባለው የበግ አርቢዎች ማኅበር የእንስሳት ጤና ክፍል ኃላፊ ከመሆኑ በፊት ብዙ ዘመን መጋዘን ጠብቋል፤ አንድ ነገር ጎደለ ሲባል መጀመሪያ የሚያየው የሰው ፊት ነበር።

በ2010 ዓ.ም. መስከረም ላይ ማኅበሩ አዲስ ፕሮግራም አስገባ። በየገጠሩ ያሉት የጤና ሠራተኞች የታመመ በግ ሲያገኙ በስልካቸው ይመዘግባሉ፤ ያ ወዲያው ደባርቅ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ይወጣል፤ ክትባቱም በዚያ መሠረት ይላካል። ከደረስጌ ሪፖርት ይመጣል፣ ከዳባት ዙሪያ ይመጣል። ከአምባራስ ግን ጭጭ።

የአምባራሷ ሠራተኛ ፋንታዬ ትባላለች።

«ይቺ ልጅ ቤቷ ተጋድማ ነው ደመወዝ የምትበላው» አላት ሰጠኝ ኮምፒውተሩ ላይ ለምትሠራው ለእሌኒ።

ፋንታዬ ራሷ ደወለች። «ጋሼ ሰጠኝ፣ የበግ ፈንጣጣ ገብቷል። ክትባቱ ምነው ዘገየ? ልኬያለሁ እኮ!»

«ብትልኪማ ይታየን ነበር። እኔ በወሬ ክትባት አላወጣም» ብሎ ዘጋባት።

በዚህ አላበቃም። የአምባራስ አርቢዎች ተወካይ ለሆኑት ለአያ ገዱ ደወለና፣ «እውነት ፋንታዬ በየበረቱ ትዞራለች?» ሲል ጠየቃቸው።

ሽማግሌው ጥያቄውን በጥያቄ መለሱ። «ስትመጣ አያታለሁ። ምነው፣ ምን አደረገች?»

«እንዲያው ነው፣ አያ ገዱ።»

እንዲያው እንዳልሆነ ግን ሁለቱም ያውቃሉ።

በማግስቱ ሰጠኝ ለማንም ሳይናገር በእህል ጫኝ አይሱዙ ተሳፍሮ ወደ አምባራስ ወጣ። ተኝታ ሊይዛት ነበር። ያገኛት በአያ ገዱ በረት ውስጥ ነው፤ አንዲት በግ በጉልበቶቿ መካከል ይዛ ከንፈሯ ላይ ያለውን ቁስል ታጥባለች። ከአጥሩ ውጭ የሞቱ በጎች ተጥለዋል። አያ ገዱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከሩቅ የልጅቷን እጅ ይመለከታሉ።

ሰጠኝ ደነገጠ፤ ጥርጣሬው ግን አለቀቀውም። «እስቲ አሁን እፊቴ ላኪ» አላት።

ፋንታዬ እጇን ታጥባ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጣች። ጻፈች፣ ላከች። ስልኩ «ደርሷል» አለ። ሰጠኝ እዚያው ቆሞ ለእሌኒ ደወለ።

«መጣ?»

«ኧረ ምንም የለም፣ ጋሼ።»

አሁን እሌኒን ጠረጠረ። ሁለቱ ሴቶች በፕሮግራሙ የመጀመሪያ ሥልጠና ሰሞን መኮራረፋቸው ትዝ አለው። ሪፖርቷን ታጠፋባት ይሆን? «ስልኩን ስጪኝ» አለና ከፋንታዬ እጅ ተቀብሎ ወረደ። ልጅቷ እንባዋ ግጥም ብሎ ነበር፤ እሱ ግን ዞር ብሎ አላያትም።

ቢሮ ገብቶ ከእሌኒ ጀርባ እንደ ዘበኛ ቆመ። ቢቸግራት ወንበሯን ዞር አድርጋ፣ «ጋሼ፣ እኔ ላይ ከሚቆሙ ፕሮግራሙን የሠራውን ሰው ይጠይቁት» አለችው።

ፕሮግራሙን የሠራው አነስ ነው፤ የዳባቱ ነጋዴ የባሽር ልጅ፣ አባቱ ሱቅ ጎን ኮምፒውተር ቤት ያለው። ሰጠኝ መንገዱን ሙሉ፣ «የበጎቻችንን ወሬ ለሌላ ነጋዴ እየሸጠው ቢሆንስ?» እያለ ዳባት ደረሰ።

አነስ ስልኩን ከፍቶ ጥቂት ነካካ። ፊቱ ተለወጠ። ጠረጴዛው ሥር ወዳለ አሮጌ ኮምፒውተር ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አዞረለት። የፋንታዬ ሪፖርቶች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዚያ ተደርድረዋል።

«ደብቀሃቸው ኖሯል!» አለ ሰጠኝ ብድግ ብሎ።

«ይቀመጡ ጋሼ፣ ላስረዳዎት። ስልኩ ማንኛውንም ነገር ሲልክ መነሻ አድራሻ ያስቀድማል፤ የየትኛው ኮምፒውተር በር እንደሚንኳኳ የሚነግረው እሱ ነው። ለሙከራ ስንሠራ አድራሻው ይህ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። ወደ ሥራ ሲገባ በቢሮው ኮምፒውተር አድራሻ መለወጥ ነበረበት።»

«የሌሎቹስ እንዴት ደረሰ?»

«የእነሱን ስልክ ሁለተኛው ሥልጠና ላይ ወደ አዲሱ አድራሻ ቀየርኩላቸው። ፋንታዬ ያን ቀን አልመጣችም።»

ለምን እንዳልመጣች ሰጠኝ ያውቃል። የታመሙ በጎች ጥዬ አልወርድም ብላ ነበር፤ እሱም ይህን ከስንፍናዋ ቆጥሮባት ነበር።

«ታዲያ ይህ ኮምፒውተር ለምን ‹ደርሷል› ይላታል?»

«ስለደረሰው ነዋ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጋሼ። አድራሻውን ፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ ቆልፌ ጻፍኩት። ከውጭ የሚነበብ ማድረግ ነበረብኝ፤ ሙከራው ላይ የሙከራውን፣ ሥራው ላይ የሥራውን እንዲይዝ። የሙከራውም ገጽ ‹ይህ ሙከራ ነው› እያለ መጮህ ነበረበት።»

ሰጠኝ የሚጠረጥረው ሰው አጣ። ክፉኛ ከበደው።

ክትባቱ አድራሻው ከተስተካከለው ስልኳ ጋር ተጭኖ ለፋንታዬ ተላከላት። ይቅርታ ሊጠይቃት ቢደውል ፋንታዬ አቋረጠችው። «በስልክ አልፈልግም። አያ ገዱን ስለ እኔ የጠየቋቸው እርስዎ ነዎት። ከዚያ ወዲህ በረታቸውን ሲከፍቱልኝ እንደ ሌባ እያዩኝ ነው።»

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ሰጠኝ በአምባራስ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር አጠገብ በአርቢዎቹ ፊት ቆመ። ልጅቷ ሥራዋን እንደሠራች፣ ሪፖርቷ ሌላ ቤት እንደገባ፣ እሱም ያለ ጥፋቷ እንዳማት ተናገረ። ላቡ ጠብ ጠብ ይል ነበር።

አያ ገዱ በትራቸውን ተደግፈው ሰሙት። «ልጅቷስ ይሁን። አሁን ስልኩ እውነት መናገሩን በምን አወቅህ?»

ፋንታዬ የተስተካከለውን ስልኳን አውጥታ የሳቸውን በግ መዘገበች። ሰጠኝ እሑድ ቢሆንም ቢሮ እንድትጠብቅ ለነገራት ለእሌኒ ደውሎ ድምፁን ከፍ አደረገው። «የአያ ገዱ ቡላ በግ፣ ከንፈሯ የቆሰለ» ብላ አነበበች እሌኒ ከደባርቅ።

ሽማግሌው አንገታቸውን ነቀነቁ። «ያነበበችው ሴትዮስ የማን ልጅ ናት? እሷስ ትታመናለች?»

ፋንታዬ ሳቋ አመለጣት። የክትባቱን ሣጥን ከፍታ መርፌዋን አዘጋጀችና፣ «አያ ገዱ፣ ይልቅ ያልታመሙትን ያስይዙልኝ» አለቻቸው።