ሳቄ እስከ ጓዳ ይሰማል

ኧረ ሆዴን፣ ኧረ ሳቄ አልቆም አለኝ፣ ቆይ፣ ዋናው ገና ነው፣ ዋናው መጨረሻ ላይ ነው ያለው፣ ኮቷን ልትወስድ የመጣችው ደንበኛ ገርመም አድርጋኝ ወጣች፣ አበደች ብላ ይሆናል፣ ትበል፣ ካውያው ያፏጫል፣ እኔ እስቃለሁ፣ ዓይኔ ደግሞ ያለቅሳል፣ ምን ዓይነት ዓይን ነው ይሄ።

እኔ ስስቅ መንገድ ማዶ ይሰማል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ይቺ ልጅ በሳቋ ባል ታስበረግጋለች ትል ነበር፣ እውነቷን ነው፣ አንዱ በርግጎ ሄዷል። እዚህ ላውንደሪ ውስጥ ግን ሳቄ ሥራ አለው። አብራኝ የምትሠራው ልጅ፣ ቀጭኗ፣ ጓዳ ታጥባለች፣ እኔ ፊት ለፊት እተኩሳለሁ፣ ወረቀት የላትም፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሚሉትን፣ እና ተስማማን፣ የሚያሰጋ ሰው ከገባ እኔ ዝም፣ እሷም መጋረጃው ጀርባ ዝም፣ ሰውየው ሲወጣ እስቃለሁ፣ በምንም፣ በዝንብም ቢሆን፣ ያኔ ትወጣለች። ሲስቁልኝ ልቤ ይመለሳል እትዬ፣ ትለኛለች።

ትለኝ ነበር።

የወንድሜ ልጅ ፖሊስ ነው፣ የሰፈር ፖሊስ። ያሳደግኩት እኔ፣ ሸሚዙን የምተኩስለት እኔ፣ ይኸው አሁንም እጄ ላይ ነው፣ የትከሻው ማዕረግ እንዳይቃጠል ጨርቅ አልብሼ። ማን ሰጠው ይሄን ማዕረግ? ቀጭኗ። የጎረቤታችንን ሱቅ የዘረፈውን ሰው ያየችው እሷ ብቻ ነች፣ እየፈራች ነው ለሱ የነገረችው፣ አይዞሽ ስላት፣ የኔ ልጅ ሌባ ነው የሚይዘው፣ ወረቀት የኢሚግሬሽን ሰዎች ጣጣ ነው፣ እሱን ምን አገባው። ደረቴን ነፍቼ! እሱም አያገባኝም አክስትዬ ብሎኝ ነበር፣ ያኔ። ከዚያ መመሪያ ወጣ። ሾርባውን እፍ እያለ፣ የአካባቢ ፖሊስ ከኢሚግሬሽን ጋር ተቀናጅቶ እንዲሠራ ተወስኗል አለኝ፣ ሬዲዮ መስሎ፣ ተቀናጅቶ ብሎ ነገር፣ እና ከእንግዲህ ሌባውን ማን ሊጠቁምህ ነው አንተ፣ ማን በርህን ሊያንኳኳ ነው፣ አልኩት። ትዕዛዝ ነው አክስትዬ። ጨው ጨምሪልኝ።

ጨመርኩለት። ለቀጭኗ ግን አልነገርኳትም። እኔ ቤትማ አይመጣም ብዬ።

ዛሬ መጣ። ከኋላው ጢማሙ አለቃው፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ሌላ። ዝም አልኩ፣ እግዜር ይመስክር፣ ካውያውን አቁሜ ዝም ብዬ ነበር፣ ጓዳውም ዝም፣ ውሃው እንኳ ቆመ። ለአንድ ሸሚዝ ሦስት ሆናችሁ መጣችሁ እንዴ፣ አልኩ ቀስ ብዬ። ልጄ ፈገግ አለ። አንዱ ሸሚዙን ይይዛል፣ አንዱ አንቺን ይይዛል፣ እኔ አፍሽን እይዛለሁ፣ እሱን ሌላ ሰው አይችለውም አለ።

አመለጠኝ። ምን ላድርግ፣ ሳቁ አመለጠኝ፣ ጠረጴዛውን እየደበደብኩ፣ ጢማሙ ሳይቀር ሳቀ፣ ልጄ አለቃውን አሳቀ ብዬ ኮራሁ፣ ኮራሁ እኮ፣ ዓይኔን እየጠረግኩ፣ እና መጋረጃው ተገለጠ።

ፈገግ ብላ ነው የወጣችው። የሰው የሙሽራ ቀሚስ ታቅፋ።

ወረቀት፣ አለ ጢማሙ። ፈገግታው ፊቷ ላይ ቀረ፣ የት እንደምታደርገው የጠፋት ይመስል። የኔው ልጅ ጠጋ ብሎ በጆሮዬ፣ ምነው አክስትዬ፣ ከበሩ አይተን ማንም የለም ብዬ ላወጣቸው ነበር እኮ፣ አለቃዬን ለማዘናጋት ነው የቀለድኩት፣ አንቺን ማን ሳቂ አለሽ። እኔን! አንተስ፣ ትዕዛዝ ነው ያልከው ሰውዬና በጆሮዬ የምታንሾካሹከው፣ የትኛው ነህ፣ የትኛውን ነው ያሳደግኩት፣ ልለው ነበር፣ አፌ ተያዘ፣ እንዳለውም ያዘው። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ባለሱቁ ጎረቤት፣ ያ በቀጭኗ ዓይን ዕቃው የተመለሰለት፣ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ፣ እነሱን አይደለም፣ እኔን፣ ከዚያ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ኮሌታው ቆመ፣ እጅጌው ተስተካከለ፣ ነገ ሊወስደው ይመጣል። ልስጠው? ላቃጥለው? ካውያውን ማዕረጉ ላይ ትንሽ ባቆየው፣ ትንሽ ብቻ። አነሳሁት። ልጄ ነው። እንዲህ ነኝ እኔ።

ዋናው። ቀሚሱ እንዳይጨማደድ በሁለት እጇ አቀበለችኝ፣ እነሱ መሀል ሆና በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች፣ ልትረግመኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ፣ ምናለ በረገመችኝ፣ እንደ ሁልጊዜዋ ቀስ ብላ፣ ይቅርታ እትዬ፣ ሳቅዎን ስሰማ ሄደዋል ብዬ እኮ ነው።