አፉ ብቻ ነው የቀረው

ውጫሌ ውስጥ የቅቤ ነጋዴዋን የኡሙሰልማን ምላስ የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የገባ እንግዳ ነው ወይ ጆሮው አይሰማም። ቅቤዋን ያማ ሰው ከነዘር ማንዘሩ ይረገማል። ይሁንና ያ ሁሉ እርግማን አንድም ቀን ደርሶ አያውቅም። እሷም እንዲደርስ ብላ አይደለም፣ አፏን ለማሟሸት ያህል ነው።

አንዱ ግን ደረሰ፤ ያውም አድራሻ ስቶ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ኑርዬ የሚባል የሐይቅ ባጃጅ ነጂ ዕቃ ቢያደርስላት፣ ደክሞታል ብላ አንድ ኩባያ ወተት ሰጠችው። ጎረምሳው ወተቱን እየጠጣ ዓይኑን ልጇ ሰዓዳ ላይ ጣለ። ወሩ ሳይሞላ ሽማግሌ ላከ። ኡሙሰልማ ልጇን ለአንድ ባለሱቅ አስባት ነበርና አሻፈረኝ አለች፤ ሰዓዳ ደግሞ የእናቷ ልጅ ናት፣ ኑርዬን ካላገባሁ ብላ ድርቅ አለች። ኒካው ሲታሰር ኡሙሰልማ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆማ፣ "የቤቴን ወተት ጠጥቶ ልጄን ወሰደ፤ ወተቱ በአፍንጫው ይውጣ" አለች። ከዚያ ወዲህ ከአማቿ ጋር ተነጋግራ አታውቅም።

ሰዓዳ በሰባት ወሯ ወንድ ልጅ ተገላገለች ሲባል ግን ኩርፊያ የት አባቱ፤ ለጋ ቅቤዋን በጣሳ ይዛ ወደ ሆስፒታል ገሰገሰች። ቅቤ ሳይልስ ያደገ ልጅ በሷ ቤት የለም።

የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ስትገባ ልጁን አየችው። እፍኝ አይሞላም። አፍንጫው ውስጥ እንደ ክር የቀጠነ ቱቦ ገብቷል። ሲስተር ሕይወት የምትባለው ነርስ ሰዓዳ ያለበችውን የጡት ወተት መርፌ በሌለው ስሪንጅ ሞልታ ከፍ አድርጋ ይዛለች፤ ወተቱ በቱቦው ቀስ እያለ ይወርዳል። በአፍንጫው።

ያረቢ፣ እኔ ያልኩት አባትየውን ነበር፣ አለች ኡሙሰልማ በሆዷ።

"አይፍሩ እማማ" አለቻት ሲስተር ሕይወት። "ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ መጥባቱም መዋጡም መተንፈሱም አንድ ላይ አይሆንለትም። እስኪጠነክር ሆዱን በቱቦ እንሞላለታለን። ቅቤው ግን እዚህ አይገባም።"

ቅቤው ዘበኛው ጋ ቀረ። ኡሙሰልማ በመጣች ቁጥር አዲስ ታመጣለች፣ በመጣች ቁጥር ዘበኛው ጋ ይቀራል። እርግማኑን ለማንም አልተናገረችም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሲስተር ሕይወት ልጁን መዝና ደስ አላት። "ክብደቱ ጨምሯል፣ ትንፋሹም ደህና ነው። አሁን አፉ ብቻ ነው የቀረው።"

ሲስተር ሕይወት ከደብረ ማርቆስ የመጣች ናት፤ አፉ ስትል የልጁን አፍ ማለቷ ነው። በኡሙሰልማ አገር ግን አፉ ይቅርታ ነው። የበደለ "አፉ በለኝ" ይላል፣ የተበደለ "አፉ ብያለሁ" ይላል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል።

ኡሙሰልማ ወደ ሲስተሯ ጠጋ አለች። "ከማን ነው የሚጠበቀው?"

"ከሱ ነዋ። ሌላ ሰው ምን ያደርግለታል?"

"እምቢ ቢልስ?"

"እምቢ ካለ ቱቦው አይወጣም።"

አማት ለአማቿ አንገቷን ልትደፋ ነው። ሞቼ እገኛለሁ፣ አለች ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለች። ሽማግሌ ልላክበት? በስልክ ልበለው? በመስታወቱ አጮልቃ ብታይ ልጁ አፉን ከፍቶ ባዶውን ያላምጣል። ኡሙሰልማ ሰባት ልጅ ወልዳለች፤ እንዲህ ሳስታ አታውቅም። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ኑርዬ በር ላይ ባጃጁን ይወለውላል።

"ኑርዬ፣ አፉ በለኝ።"

ጨርቁ ከእጁ ወደቀ። "አፉ ምን ሆነ? ልጁ ምን ሆነ?"

"የሱ አፍ አይደለም፣ የኔ ነው። በወተቱ ነገር የተናገርኩት ይኸው ልጁ ላይ አረፈ። ሲስተሯ ነግራኛለች፤ አንተ አፉ ካላልከኝ ቱቦው አይወጣም።" እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም።

ኑርዬ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ጨርቁን ከመሬት አንስቶ፣ "አፉ ብያለሁ እማማ" አላት። "አንቱም አፉ በሉኝ፤ ሳይወዱ ነው ልጅዎን የወሰድኩ።"

"አፉ ብያለሁ።"

አብረው ገቡ። ሰዓዳ ልጁን ደረቷ ላይ አስጠግታዋለች። የጡቱን ጫፍ በምላሱ ነካ፣ ተወው፣ ደግሞ ፈለገው። ከዚያ ሳበ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ዋጠና ደክሞት ተኛ።

"አላልኳችሁም?" አለች ሲስተር ሕይወት የልጁን ከንፈር በጣቷ እየነካች። "ይህቺ አፉ ብቻ ነበረች የቀረችው። ጥቂት ቀን ይለማመድና ቱቦውን እናወጣለታለን።"

ኡሙሰልማ የሲስተሯን ጣት አየች፤ የልጁን ከንፈር አየች። ቀስ ብላ ወደ ኑርዬ ዞረች። ኑርዬ ጣሪያውን ይመረምራል።

"ገብቶህ ነበር?"

"ጠዋት ለኔም እንዲሁ ብላኝ ነበር እማማ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?"

"ሦስት ዓመት የጠበቅሁትን ቃል እንዴት ላቋርጥ?"

ሰዓዳ እርግማኑ ሲመጣ ላለማየት ዓይኗን ጨፈነች። ኡሙሰልማ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። "ና ተከተለኝ" ብላው ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ የቅቤውን ጣሳ ከዘበኛው ተቀብላ ኑርዬ እጅ ላይ አኖረችለት።

"እንካ" አለችው። "በአፍህ ብላው።"