ሰማያዊው ጎን

ርዕሰ መምህሩ ላጲሱን የሞተ አይጥ እንደያዘ ሰው በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ሰማያዊ ነው።

«ከመሳቢያሽ ነው የተገኘው።»

የሥዕል መምህርቷ እንደቆመች ነች፤ ተቀመጪ ያላትም የለም። ከፊቷ በተዘረጋው የውጤት መዝገብ ላይ፣ ከወንድሟ ልጅ ስም ትይዩ፣ የሂሳቡ አርባ አንድ ሰማንያ አንድ ሆኗል። የክፍሉ ኃላፊ እሷ ነች። መዝገቡ ቅዳሜና እሁድን ያደረው እሷ ቤት ነው። አሥራ አራት ዓመት ያስተማረችበት ትምህርት ቤት በር በአንዲት ቁጥር ሊዘጋባት ነው።

«ቀዩ እርሳስ ያጠፋል፣ ሰማያዊው እስክሪብቶ። ይህን የአንደኛ ክፍል ልጅ ያውቀዋል።»

«የአንደኛ ክፍል ልጅ ቢሳሳት አይፈረድበትም» አለች። «ሰማያዊው የሻከረው ለወፍራም የሥዕል ወረቀትና ጠብቆ ለተቀባ የቀለም እርሳስ ነው። እስክሪብቶ ላይ ሲሆን ወረቀቱን ይልጣል እንጂ ቀለሙን አያነሳም።»

«ምላስሽ ድሮም አያንስም!»

ያን ጊዜ በክርኑ ሥር ያለውን ደብዳቤ አየችው። ስሟ፣ «ከሥራ ተሰናብተዋል» የሚለው ቃል፣ ፊርማው፣ ማኅተሙ፤ ሁሉም አልቆ ደርቋል። ታዲያ የጠራት ሊጠይቃት ሳይሆን ሊነግራት ኖሯል። ደሟ ፈላ። እጇ ከሐሳቧ ቀድሞ ደብዳቤውን መንጭቆ ሳበው፤ በላጲሱ ሰማያዊ ጎንም ፊርማውን ፈተገችው። ወረቀቱ ተቦጫጨረ፣ ሳሳ፣ በመጨረሻም ተበሳ። ከፊርማው ግማሹ ግን እንደደመቀ ቀረ።

«አሁን መዝገቡን ይዳስሱት።»

ሳይወድ በግዱ አውራ ጣቱን በተቀየረችው ስምንት ቁጥር ላይ አሳለፈ። ወረቀቱ ልስልስ ያለ ነው። በዙሪያዋ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ክብ ብቻ ይታያል፤ የቀድሞዋን አራት ያጠፋት ሰው ፍቆ ሳይሆን በፈሳሽ ነው ያነሳት። ርዕሰ መምህሩ ይህን ሲረዳ ፊቱ ይበልጥ ጠቆረ።

«ደብዳቤ ቀደድሽ እንጂ ንጹሕ አልሆንሽም። ማን እንደነካው እስክትነግሪኝ ክፍል እንዳትገቢ። ውጪልኝ!»

ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ወንድሟ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከሚሠራበት የልብስ እጥበት ቤት በሥራ ሽርጡ እንዳለ ነው የመጣው።

«እታለም» አለ በሹክሹክታ፣ «ምን አሉ? መዝገቡን አዩት?»

መጠራቷን ለማንም አልተናገረችም። ለምን እንደተጠራች እንኳ ያወቀችው ቢሮው ከገባች በኋላ ነው። እሁድ ከሰዓት እሷ ጓዳ ስትለፋ እሱ መዝገቡ ባለበት ሳሎን ብቻውን ተቀምጦ እንደነበር ትዝ አላት። ዓይኗ ወደ እጁ ወረደ። እድፍ ማስለቀቂያው የጣቶቹን ጫፍ አንጥቶ ላጥ ላጥ አድርጎታል።

«ልጄ እኮ ነች» አለ፣ ዓይኗን ሸሽቶ። «ያንቺም ልጅ ነች።»

ቢሮው ውስጥ ወንበር ተንቋቋ። እግር ወደ በሩ መቅረብ ጀመረ። ወንድሟ ክንዷን ያዘ፤ እሷም አፏን ከፈተች።