ነቀዝ የበላው ግንድ

ሰፈሩ «እመት ሰጋቱራ» የሚላት ጸጉሯ ከእንጨት ብናኝ ተለይቶ ስለማያውቅ ነው። በእናቷ ግቢ፣ ከጓሮ ባለችው ክፍል፣ እንጨቱን ቶርኖ ላይ እያሽከረከረች በመሮ ጎድጓዳ ሳህን ታወጣለች። ታላቅ ወንድሟ በመጣ ዕለት የገነፈለው ንዴት ግን የግቢው ማንጎ ዛፍ በንፋስ ከወደቀ ጀምሮ በሆዷ ሲብላላ የቆየ ነው።

«እኔ ሳልመጣ ማንም እንዳይነካው» ብሎ ነበር ታላቅ ወንድሟ፣ ከሚኖርበት ከተማ ስልክ ደውሎ። የበኩር ልጅ ነውና ቃሉ ተከበረ። እሱም ነገ ዛሬ ሲል ክረምቱ አለፈ። ግንዱ ጭቃ ላይ ተጋድሞ ዝናብ ሲጠጣ ከረመና ነቀዝ ገባበት። በመጨረሻ እናትየው «በይ እንግዲህ፣ አፈር ሳይበላው ለሦስታችሁ ለልጆቼ አንዳንድ ሳህን ይውጣው፤ ለእኔም ጭምር» አሏትና መጋዟን አነሳች።

ግማሹ አልቆ ነበር። የተረፈውን እንደ እርጥቡ ቀረጸችው። ውሃው ፊቷ ላይ እየተረጨ፣ ከየቀዳዳው ነጭ ትል ከነዱቄቱ እየወደቀ፣ ወንድሟን በልቧ እየረገመች ሠራች። ትሉ እንዲሞት ሳህኖቹን በበርሜል ቀቀለቻቸው። ከዚያም እንደ ወፈሩ በወረቀት ጠቅልላ ጨለማው ጥግ ደረደረቻቸው። እርጥብ እንጨት ቀስ ብሎ ካልደረቀ ይሰነጠቃል፤ ማሳሳቱ ከደረቀ በኋላ ነው።

ወንድምየው ሳይታሰብ የመጣ ቀን እሷ የብርጭቆ ወረቀት ልትገዛ ወጥታ ነበር። ስትመለስ ሳህኖቹ ወረቀታቸው ተገፎ የቆርቆሮው ጣራ ላይ ፀሐይ ይመታቸዋል። እሱ ከሥር፣ ጥላው ውስጥ፣ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል።

«ማን አወጣቸው?»

«እኔ ነኝ። ቶሎ ደርቀው ማታ ይዣቸው ልሂድ ብዬ ነዋ፤ ለአለቃዬ ቃል ገብቼለታለሁ። ነቀዝ የበላቸውን እዚያ ፍቅፋቂው ውስጥ ወርውሬልሻለሁ፤ እነሱ ያሳፍራሉ።»

ከላይ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎም ሌላ። መሰላሉን ወጣች። የደረሰችበት ሁሉ ከከንፈሩ እስከ መቀመጫው ተተርትሯል። አንዱን ይዛ ስትወርድ ዓይኗ ደም ለብሶ ነበር።

«እንጨት እኮ ነው» አለ እሱ። «ለእንጨት ይሄ ሁሉ ቁጣ?»

«ዛፉ ሲወድቅ የት ነበርክ?»

ነበርክ። ከልጅነቷ ጀምሮ ጋሼና አንቱ ብላው እንጂ ሌላ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። እሱም ከወንበሩ ተነሳ።

«ነበርክ? እኔን ነው?»

«አንተን ነው። አንዲት ቃል ወርውረህ ክረምቱን ሙሉ ጠፋህ። እኛ ቃልህን አከበርን፤ ነቀዙ ግን አላከበረልህም። ደግሞ የእማዬን ዛፍ ለአለቃህ!»

«ቀስ በይ፣ እማዬ ትሰማለች።»

«ትስማ።»

እናትየው ሰምተው ኖሯል፤ ግድግዳውን ተደግፈው መጡ። የተሰነጠቀውን ሳህን ከእጇ ተቀብለው አገላበጡት።

«የእኔ የትኛው ነው?» አሉ።

«በኮላ ይጣበቃል እማዬ» አለ ልጃቸው።

«ያደረግከውን ንገራት» አለችው እህቱ።

መጀመሪያ በፀሐዩ አመካኘ፤ ከዚያም እንጨቱ ድሮም ደካማ ነው አለ። እናትየው ሳህኑን እንደያዙ ዓይን ዓይኑን አዩት። ያኔ ስለ አለቃው ተናገረ፣ ስለ ክረምቱም፤ ድምፁ እያነሰ ሄደ። ይቅርታ ግን አልጠየቀም። ማታውን ሳይጠብቅ ባዶ እጁን ወጣ፤ በሩ ድረስ የሸኘው የለም።

ፍቅፋቂው ውስጥ የጣላቸው ጥላ ስላገኙ ተርፈው ነበር። መልሳ ጠቀለለቻቸው። ደርቀው በእጇ ሲቀሏት ተጣመው የእንቁላል ቅርጽ ይዘዋል፤ ቶርኖው ላይ አቃንታ አሳሳቻቸው። ቀዳዳቸውን በመርፌ ጠረገችው እንጂ አልደፈነችውም። የመጀመሪያው ለእናቷ፣ ሁለተኛው ለታናሽ እህቷ ሆነ። ሦስተኛውን የራሷ አደረገችው።

ወንድምየው ከወራት በኋላ ለእናቱ ሲደውል ስልኩን ያነሳችው እሷ ነበረች።

«የእኔስ ሳህን ደረሰ?» አላት።

«ሌላ ዛፍ ሲወድቅ ይደርሳል፤ ያን ጊዜም ቶሎ ከመጡ ነው፣ ጋሼ» ብላ ስልኩን ለእናቷ አቀበለችና ወደ መሮዋ ተመለሰች። ልቧ ገና አልበረደም፤ እንዲበርድም አልቸኮለችም።